ማድረቅ የእኔ ክፍል አልነበረም

አቧራው የመጣ ቀን ቤት ውስጥ እኔና ድመቷ ብቻ ነበርን። ምራቴ ፀጉር ቤት ሥራ ላይ ናት፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ልጄ ደግሞ እንደ ወትሮው ከባድ መኪናውን እየነዳ መንገድ ላይ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ዝናብ የመጣ መስሎኝ ምራቴ የሰጣችውን ልብስ ላነሳ ወጣሁ፤ ነፋሱ አሸዋውን ፊቴ ላይ ሲደፋው ልብሱንም ትቼ እየተደናበርኩ ገባሁ። መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ። ቢዘጋስ ምን ዋጋ አለው፣ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል። ነፋሱ ሲያበቃ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ መልክ ሆኖ ነበር። ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ስትራመድ የእግሯ ዱካ እየታተመ ይቀራል።

እኔ ደግሞ ቆሻሻ አልወድም። አልወድም ማለት ብቻ አይገልጸውም፣ ቆሻሻ ሳይ ያመኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ወይን የፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ በሉት፣ የከንፈር ቀለም የነካው የትራስ ጨርቅ በሉት፣ ሰው በጭቃ ጫማ የረገጠው ምንጣፍ በሉት፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሸሚዙ ላይ መረቅ ሲንጠባጠብበት ምድር ቤት ድረስ ወርዶ እኔን ነበር የሚለማመጠው። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «ጄኔራሏ» ይሉኛል። እሰማለሁ፣ ግን እንዳልሰማ እሆናለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበራ።

ስለዚህ ያን ሁሉ አቧራ ሳይ ሰው እስኪመጣልኝ አልጠበቅኩም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ የግቢውን የውሃ ጎማ በመስኮት ጎተትኩና ቤቱን አጠብኩት። ወለወልኩት አላልኩም፣ አጠብኩት። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የልጅቷን ክፍል ምንጣፍ፣ የአልጋዋን ፍራሽ ሳይቀር በሳሙና ፈትጌ አለቀለቅኩ። ምራቴ ልጅቷን ይዛ ስትመጣ ውሃው በደረጃው እየወረደ ነበር።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ።

«ቤታችሁን የሰው ቤት እያስመሰልኩት ነው።»

«አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንስተን፣ መስኮት ከፍተን ብናናፍሰው አይበቃም ነበር?»

«ማጠብን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

ዝም አለች። ምራቴ ዝም ስትል ያሸነፍኳት ይመስለኝ ነበር።

ፍራሹን በረንዳ ላይ አሳድሬ በማግስቱ መለስኩት፤ ከላይ በመዳፌ ስዳስሰው ደርቋል። ምንጣፉ ግን ወፍራም ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ለሁለት ሰውም ይከብዳል። ጠቅልዬ ከአልጋዋ ሥር ወደ ግድግዳው ጥግ ገፋሁት፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አነጥፈዋለሁ ብዬ። አልጋው ላይ እስከ መሬት የሚወርድ ነጭ አንሶላ አለበስኩበት። ክፍሉ አማረ። እኔም ምንጣፉን በዚያው ረሳሁት።

ሬዲዮው ነፋሱ ሊመለስ ይችላል ስላለ የልጅቷን መስኮት ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ለጠፍኩት። የሌላውን ክፍል እንኳ ትቼዋለሁ፤ የእሷን ግን ትንኝ የምታልፍበት ቀዳዳ አላስቀረሁም። ደረቷ ደካማ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ብርድ ሲነካት ሲር ሲር ይላል፤ ሐኪም አስም ነው ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አዞላታል። እንግዲህ ለእሷ ብዬ ነው። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ወይም ነው መሰለኝ።

ሳሉ ቀስ ብሎ ጀመረ። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ስትስቅም፣ ስትሮጥም፣ ከዚያ ተኝታም። ምራቴ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ታነሳለች። «ይህ ክፍል የታፈነ ነገር ይሸተኛል እትዬ። ፕላስተሩን ነቅለን አየር ይግባ» ትላለች። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ። መልሳ መላልሳ ስትለኝ ጊዜ፣ «የሚሸትሽ ድመቷ ናት» አልኳት።

ስለ ድመቷ ልንገራችሁ። ጅራቷ ግማሽ ስለሆነ ልጅቷ ጉርዲት ብላታለች። ማንም አላመጣትም፣ ራሷ መጥታ ራሷ ተቀበለችን። እኔ ድመት ነፍሴ አይወድም። አጥቤ የተኮስኩት ልብስ ላይ እንደ ባለቤት ትዘረጋለች፤ ስቆጣት ደግሞ አንድ ዓይኗን ከፍታ ታየኝና ትዘጋዋለች። እውነቱን ለመናገር ሰበብ ስፈልግባት ነው የከረምኩት። ልጅቷ ስትስል ሰበቡ ተገኘ።

ልጄ ሲደውል ስልኩን ከምራቴ እጅ ተቀበልኩ። «ልጅህ በድመት ፀጉር እየታፈነች ነው። ሚስትህ ግን የእኔን ቃል እንደ ሰው ቃል አትቆጥረውም» አልኩት። ከወዲያ የመኪናው ሞተር ያጓራል። ደክሞታል፣ ድምፁ ላይ ይታወቃል። «እሺ እማዬ፣ በቃ ድመቷ ትውጣ» አለኝ። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ስለነበር ምራቴም ሰማችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን አላወረደችውም። በማግስቱ ጉርዲትን በካርቶን አድርጋ መንገዱ ጥግ ላለው ጎሚስታ ሰጠችው። ሰውየው አይጥ አስቸግሮት ስለነበር ደስ አለው። ልጅቷ ግን በሩ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ሳለች፣ ሳል ለቅሶውን እያቋረጠባት፣ «እኔ ሳልስል እደር ነበር እኮ እማማ፣ አፌን ይዤ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሆኖም «ለደረትሽ ብዬ ነው» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ድመቷ ከሄደች በኋላ ሳሉ ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። ባሰበት። «የድመት ፀጉር ቶሎ አይለቅም» እያልኩ አንሶላ በየቀኑ እቀይራለሁ። ምራቴ አትመልስልኝም። ከእኔ ጋር መነጋገሩን ትታ ምግብ ብቻ ታቀርብልኛለች፣ በደንብ፣ በአክብሮት። በምግቡ እንኳ ላማርር አልቻልኩም።

አንድ ጠዋት ቤት ማንም በሌለበት አንሶላ ልቀይር ስገባ የልጅቷ የፀጉር መያዣ ከአልጋው ኋላ ወደቀ። አልጋውን ሳብ አደረግኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የደከመ መሰለኝ። ምንጣፉ አረንጓዴና ጥቁር ጸጉር አብቅሏል። ግድግዳው ከወለሉ ጀምሮ ትራሷ እስከሚያርፍበት ድረስ ነቁጥ በነቁጥ ጠቁሯል። የፍራሹን ጥግ ገለበጥኩት። እዚያም አለ። ሽታው ምራቴ ያለችው ሽታ ነው፣ እኔ የድመት ያልኩት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ነገሩን አሰብኩት። ሆቴል እያለን እርጥቡን አንሶላ በጋሪ ሞልተን በግድግዳው ላይ ባለ መዝጊያ ወደ ጎን ክፍል እናሳልፈዋለን። እዚያ ማድረቂያ ማሽኖቹ አሉ፣ ሌሎች ሰዎች አሉ፣ ሌላ ኃላፊ አለ። ከመዝጊያው ወዲያ ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም፤ አይመለከተኝማ። ቤትም ብሆን እኔ አጥባለሁ፣ ምራቴ ታሰጣለች። ዕድሜ ልኬን ሳጥብ ኖሬ አንድም ነገር በእጄ አድርቄ አላውቅም። ማድረቅ የእኔ ክፍል አልነበረም። ጄኔራሏ ቤቱን ሙሉ አጥባ፣ መስኮቱን አሽጋ፣ ልጅቷን እዚያ ውስጥ አስተኛቻት።

ያኔ ስልክ አንስቼ ምራቴን ብጠራት ኖሮ ይህን የምነግራችሁ በሌላ ድምፅ ነበር። ስልኩን አንስቻለሁ እኮ። ግን ምን ልበላት? ሻጋታውን ብነግራት የፕላስተሩን ጥፋት ማመን አለብኝ፣ የፕላስተሩን ካመንኩ የድመቷን። እሷ በካርቶን ተሸክማ የሄደችውን። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። አጥበዋለሁ፣ ማንም ሳያይ ይጠፋል አልኩ። ያኔም ማጠብ ነው የታየኝ።

ምንጣፉን እየጎተትኩ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ወሰድኩት። መንገዱ በጎሚስታው ደጃፍ ነው። ጉርዲት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነበር። «ምንጣፉ ምን ሆኖ ነው እማማ?» አለኝ ጎሚስታው። «አርጅቶ» አልኩት። ሰላም እንኳ በወጉ ሳልለው ዞርኩ።

ከዚያ በረኪና። አላቀጠንኩትም፤ እንዳለ ግድግዳው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የፍራሹ ጥግ ላይ ደፋሁት። ዓይኔ እያለቀሰ፣ ጉሮሮዬ እየተቃጠለ ፈተግኩ። ጥቁሩ ለቀቀ፣ ግድግዳው ነጣ። ፕላስተሩን ልነቅለው እጄን አነሳሁ። ብነቅለው ምራቴ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ትለኛለች። ስለዚህ ተውኩት። በሩን ብቻ ገርበብ አድርጌ ከፈትኩና ይበቃዋል አልኩ። አልጋውን መለስኩ፣ ነጩን አንሶላ አለበስኩ። እንደገና አማረ።

ምራቴ ቀትር ላይ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ ደንበኛ ስለሚጠብቃት በግቢው በር ላይ አስረክባኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ምሳዋን እኔ አቀረብኩላት። ልጅቷ ደክሟት ስለነበር «ትንሽ ልተኛ እማማ» አለችኝ። የእኔን አልጋ ልስጥሽ፣ ከእኔ ጋር ተኚ ማለት እችል ነበር። ልላትም አፌን ከፍቼ ነበር። «ክፍሌ ምን ሆነና?» ብላ ብትጠይቀኝስ ብዬ የስድስት ዓመት ልጅ ፈራሁ። «ተኚ የኔ ዓለም» አልኳት።

ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነው። ሳል ብሰማ ሮጬ እገባ ነበር፤ ሳል ግን አልነበረም። በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ውሃ ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው ዓይነት። ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ፍራሹ ላይ ተክላ ትከሻዋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከንፈሯ መልኩን ለውጧል። መናገር አቅቷት በዓይኗ ብቻ ታየኛለች። ተሸክሜ ወደ በረንዳ አወጣኋት፣ መድኃኒቱን አፏ ላይ ደቀንኩላት፣ ደገምኩላት። አልያዘላትም። ለምራቴ ደወልኩላት። «ልጅሽ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፤ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ግማሹን አሳርራ ትታ በሽርጧ ነው የመጣችው። ጎሚስታው ሊጠግነው የተረከበውን ፒካፕ አስነስቶ ወደ ክሊኒክ ወሰደን። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ናት። እኔ ግንባሯን እየዳሰስኩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላለሁ። ምራቴ እጄን ያዘች፣ ለአፍታ ይዛው ቆየች፣ ከዚያ ከልጅቷ ግንባር ላይ ቀስ ብላ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ጭንቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

ክሊኒኩ ውስጥ ጭስ የሚመስል መድኃኒት በጭንብል አደረጉላት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። «ዛሬ ቤት ውስጥ የተለየ ነገር ነበር? ጭስ፣ ቀለም፣ ኬሚካል ነገር?»

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች ምራቴ፣ ወደ እኔ ዞራ። ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙም ዞረ።

«ምንም» አልኩ።

ወጣልኝ በቃ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ምራቴ ትንሽ አየችኝና ከሐኪሙ ጋር መጋረጃውን አልፋ ገባች፤ እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ።

ሰው ሁሉ ያልፋል፣ ይመለሳል። እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው። ይሸታሉ። በቀሚሴ ጠረግኳቸው፣ ይሸታሉ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሳሙና አጠብኳቸው፣ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ይሸታሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ያ ቀጭን ድምፅ አሁንም ይሰማል። ሐኪሙ ምን እንደነካት ሳያውቅ ነው የሚያክማት አልኩ። የተሳሳተ ነገር ቢሰጣትስ? እኔ ስሜን ላድን ብዬ፣ ምራቴ ፊት ላለማፈር ብዬ፣ ልጅቷ እዚያ ውስጥ ትንፋሽ ትለምናለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተከፈተችም፤ በእግሬ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። «በረኪና ነው» አልኩ ለሐኪሙ። «ዛሬ ጠዋት ግድግዳዋ ላይ ደፋሁት፣ መስኮቱ ተለጥፎ እያለ። የደፋሁት ደግሞ ሻጋታ ስለነበረ ነው። ሻጋታው የመጣው የዚያን የአቧራ ጊዜ ቤቱን በውሃ ስላጠብኩት፣ እርጥቡን ምንጣፍ አልጋዋ ሥር ስለተውኩት ነው። ስትስል የከረመችው በእኔ ነው። ድመቷ ምንም አላደረገችም። ሁሉንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ቆም ብል የማልጨርሰው መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ከመሣሪያው ቀና አላለም። «አዎ፣ የበረኪናውን ነግራኛለች» አለ። «ሻጋታውን ማወቄ ጥሩ ነው። ለማንኛውም እየተሻላት ነው።»

ምራቴን አየኋት።

«መኪና ውስጥ እጅዎ ሸተተኝ» አለችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም። «ቀኑን ሙሉ ኬሚካል ስነካ የምውል ሰው ነኝ እትዬ፣ ይህቺ ትጠፋኛለች? መጋረጃውን አልፈን እንደገባን ነው ለሐኪሙ የነገርኩት። ለልጄ ሕይወት የእርስዎን አፍ አልጠብቅም። እዚያ ወንበር ላይ የተውኩዎት ግን ይነግሩኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ነበረኝ፣ ግን ለዚህ የሚበቃ አልመሰለኝም። «ልጅሽን…» አልኩና አልቀጠልኩም።

«ለልጅዎም ራስዎ ይነግሩታል» አለች። «ድመቷን አስወጣ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«እነግረዋለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ትከሻ መውጣት መውረዱን አቆመ፤ ከንፈሯም መልኩ ተመለሰ። ነርሷ ጭንብሉን አነሳችላት። ልጅቷ እናቷን አየች፣ ከዚያ እኔን። ስንነጋገር ሁሉ ዓይኗ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የተኛች መስሎኝ ነበር እኮ።

«እማማ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ሻክሮ። «ያሳመመችኝ ጉርዲት አይደለችም?»

ለሐኪሙ መናገር ቀላል ነበር ለካ። ለምራቴም ቢሆን። አልጋው አጠገብ በርከክ አልኩ። «አይደለችም የኔ ዓለም። እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው የጀመርኩት፣ በኋላ ግን እያወቅኩ ደበቅኩት።»

አሰበች። ልጅ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል። ቤታችን ውስጥ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ደረቷን ያሳመመ ይወጣል።

«እንግዲያው አንቺም ጎሚስታው ጋ ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

ነርሷ ሳቀች። እኔና ምራቴ አልሳቅንም። ልጅቷም አልሳቀችም፣ የእውነቷን ነው የጠየቀችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። መልሱ የእኔ አልነበረም። ቀና ብዬ ምራቴን አየኋት። የልጅቷን ብርድ ልብስ ጠርዙን እያስገባች፣ እያስተካከለች፣ ከተስተካከለም በኋላ እያስተካከለች ብዙ ቆየች።

«እማማ ወደ ቤት ትሄዳለች» አለቻት በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር የቤቱን ቁልፍ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ፍራሹን ያውጡት። ፕላስተሩንም ይንቀሉት። መስኮቱ ሲከፈት እዚያው ይቀመጡና ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ውሃ እንዳይነኩ እትዬ።»

ቁልፉን ተቀበልኳት።